የተዋሰችው ኮት

ወላጅ አባትን «አሽከራችን ነው» ብሎ ለእንግዳ ማስተዋወቅ ግፍ ነው፤ በፊልም ቢሆንም ግፍ ነው። ነገሩን የሰማሁት ከሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚሄደው ሚኒባስ ላይ፣ ከጎኔ የተቀመጠች ወጣት ለማታውቀው ሰውዬ ስታወራው ነው።

«ድምፅ የሌለው የድሮ ፊልም ነው፣ ጋሼ። አባትዬው ሀብታም ነበር፤ ከሰረ። ሴት ልጁ ግን የትልቅ ሰው ልጅ ማግባት ፈልጋ አባቷን ደበቀችው።»

«ድምፅ ከሌለው መክሰሩን በምን አወቅሽ?»

«ጫማውን ሲወለውል አየሁታ። ላዩ ያበራል፤ ሶል ግን የለውም። ስስቅ ቆይቼ ኋላ አለቀስሁ።»

«ምን አስለቀሰሽ?»

«አሽከር መስሎ ለእንግዶቿ ወጥ ሲያቀርብ እጁ ላይ ፈሰሰበት። ሁሉም ሳቁበት። ያኔ ልጁ ተነሥታ እጁን በቀሚሷ ጠረገችለት፤ ወንበሯንም ለቀቀችለት። አንድ ቃል ሳይሰማ ለሁሉም ገባቸው።»

«የሠሩት ሰዎች ጎበዞች ናቸው።»

«እኔንማ አስተማሩኝ። እሑድ የእጮኛዬ ሽማግሌዎች ቤታችን ይመጣሉ።»

እኔም አላስቻለኝም። «ለመሆኑ ያንቺ አባት ሥራው ምንድን ነው?» አልኋት።

«ወፍጮ ቤት ነበረው፣ እማማ። ከተሸጠ ወዲህ ዘበኛ ነው።»

«ታዲያ እሑድ ለሽማግሌዎቹ ማን ነው ልትዪ ነው?»

«ይሄ በፌስታል የያዝሁት ኮት ነው። ባለወፍጮ እንዲመስል ብዬ የተዋስሁለት ነበር። አሁን ለባለቤቱ ልመልሰው ነው። አባቴ ሽማግሌዎቹን በዘበኛ ካፖርቱ ይቀበላቸዋል።»

ፌስታሉን ከጉልበቷ ላይ ተቀብዬ እስከ ማርቆስ እኔ ይዤላት ሄድሁ።