ቁመት ያስመጣው ሰው

በኮሮናው ጊዜ ከሀደራ ባቡር ጣቢያ ወደ ክፋር ብራንዳይስ በሚሄደው የጋራ ታክሲ ውስጥ፣ አንድ ጎልማሳና አንድ ሽማግሌ አይሁዳዊ ቄስ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ጎልማሳው ስልኩን ዘግቶ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ምነው ልጄ፣ ክፉ ሰማህ እንዴ?»

«የሥራ ጣጣ ነው አባ። ለቅርጫት ኳስ ቡድን ከውጭ ተጫዋች አስመጣለሁ። ዘንድሮ ሰማዩ ተዘግቶ ነገሩ ሁሉ ተዘበራርቆ ባላጋን ሆነብኝ።»

«ታዲያ ሳይመጣ ቀረ?»

«መጣ እንጂ፣ ከአሜሪካ። ለልዩ የመግቢያ ፈቃዱ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ አንከራተቱኝ።»

«ሁለት ሳምንት!»

«አዎ! አይገርምዎትም?»

«በጣም እንጂ። እንደኛ ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ቆጠረላቸው?»

«ኧረ አባ! ቁመቱንና የኮሮና ምርመራውን ብቻ ነው የላክነው።»

«እናቱ ከማን ወገን እንደሆነችስ?»

«ማንም አልጠየቀው።»

«የታደለ ነው።»

«ምን ያደርጋል! ለኮሮናው ተለይቶ እንዲቆይ ቢዱድ አስገብተነው ሆቴል ውስጥ ሦስት ቀን ብቻውን መቀመጥ አቃተው። እናቴ ናፈቀችኝ ብሎ ትናንት ተመልሶ ሄደ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ! እውነቱን ነው፣ እናት ትናፍቃለች።»

«አሁን በአስቸኳይ ሌላ ማስመጣት አለብኝ። እስቲ ረጅም ሰው ካወቁ ይጠቁሙኝ፣» አለ ጎልማሳው እየሳቀ።

«ጎንደር ወንድም አለኝ። ወደዚህ ወደ ቅድስቲቱ አገር ለመምጣት ወረቀት ካስገባ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው።»

«ረጅም ነው?»

«ያኔ ረጅም ነበር። ሲጠብቅ ጎበጠ።»

እኔም ከኋላ ተቀምጬ ሳላስበው ወገቤን አቀናሁ።