የኦርኪዱ ፍሬ የሚቆረጥበት ቀን

በሰው ነገር ጥልቅ ማለት አልወድም። ያን ቀን ግን ሱሪዬን ላሳጥር ልብስ ሰፊው ጋሽ መቀስ ቤት ጎራ ብል፣ ከወንድማቸው ልጅ ጋር መስኮቱ ሥር ተፋጠው አገኘኋቸው። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ክርክር ሰምቼ እንዴት ልለፍ? ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

የተከራከሩት ሟች ባለቤታቸው ትተውላቸው በሄዱት፣ ኦርኪድ በሚባለው የአበባ ተክል ነው። ሥሩ በስብሶ ሁለት ቅጠል ብቻ ቀርቶታል። ዘንጉ ላይ ግን ጣት የምታህል አረንጓዴ ፍሬ ተንጠልጥላለች። እሷ ካልተረፈች የባለቤታቸው አበባ አለቀለት ማለት ነው።

"አጎቴ፣ ዛሬውኑ ትቆረጥ" አለች ልጅቱ። የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት።

"ወይ ጉድ! ጥሬ ፍሬ ይቆረጣል እንዴ? ሲበቃት ራሷ አፏን ትከፍታለች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?"

"አምና ጠብቀው ምን አገኙ ታዲያ?"

"አምናማ ነቀዝ ቀደመኝ። ተሰንጥቃ ባያት ውስጧ ብናኝ ብቻ! በልብስ ብሩሽ ጠራርጌ ደፋሁት።"

ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ነገሩ ለእኔም ገባኝ።

"አጎቴ፣ ነቀዝ አልነበረም። ዘሩ ራሱ ብናኝ ነው። እንደ ባቄላ አይደለም፤ አንዲት ፍሬ ውስጥ ብዙ ሺህ ዘር አለ።"

"በገዛ እጄ?" አሉ ጋሽ መቀስ። "የእሷን አበባ በገዛ እጄ ጠርጌ ጣልኩት?" ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አንጀቴን በሉት።

"ጋሼ፣ ሳያውቁ ነው" አልኳቸው። "ይልቅ የዘንድሮዋን እናድን።"

አፍንጫቸውን ጠረግ አድርገው ወደ ልጅቱ ዞሩ። "እሺ፣ ብናኙ ዘር ከሆነ ሲደርቅ አልሰበስበውም? ለምን በጥሬው?"

ተማሪዎቼ እንዲህ ቢጠይቁኝ ኖሮ ጡረታ ባልወጣሁ!

"ሲሰነጠቅ ነፋስ ይወስደዋል፣ የቀረውንም ሻጋታ ያገኘዋል። ይህ ዘር የራሱ ስንቅ የለውም፤ ጠርሙስ ውስጥ ምግብ አዘጋጅተን ነው የምናበቅለው። ያን ምግብ ደግሞ ሻጋታ አጥብቆ ይወደዋል። ሳትከፈት ከተቆረጠች ግን ውስጧ ንጹሕ ነው። ላይዋን በበረኪና አጥቤ እከፍታታለሁ።"

"መድረሷን በምን አወቅሽ? በዓይንሽ?"

"በቀን ቆጠራ። መቼ አዳቀሏት?"

"የአበባዋን ዱቄት በስንጥር አንስቼ ያዳቀልኩ ዕለት ቀኑን ጨርቅ ላይ ጽፌ አስሬባታለሁ። አምስት ወር ሞላት።"

"እንግዲያው ደርሳለች። ለዚህ ዓይነቱ አምስት ወር ይበቃዋል፤ ዓመት የሚፈጅ ዓይነትም አለ። ቢጫ ማለት ከጀመረች ግን ማሳደር የለም።"

አንባቢዬ ሆይ፣ የአባቶችን ልማድ ማክበር መልካም ነው። የባቄላ ልማድ ግን ለባቄላ ነው። የተክሉን ዓይነት የጠየቀ፣ ቀኑን የጻፈና ፍሬው ሳይሰነጠቅ የቆረጠ ሰው፣ እናት ተክሉ ቢሞትበት እንኳ ባዶ እጁን አይቀርም። ጋሽ መቀስም ይህን ተረድተው ፍሬዋን ራሳቸው ቆረጧት።

"ከቀናን ለጎረቤቱ ሁሉ የሚተርፍ ችግኝ ይወጣል" አለች ልጅቱ ፍሬዋን በንጹሕ ወረቀት እየጠቀለለች። "አንዱ ቤት ቢጠፋ ሌላው ቤት ይኖራል።"

"የሚያብበውስ መቼ ነው?"

ልጅቱ አመነታች። "አራት፣ አምስት ዓመት ይፈጃል፣ አጎቴ።"

ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"እንግዲያውስ" አሉ ጋሽ መቀስ፣ "ሞት ቢመጣ ሥራ ይዟል በሉልኝ።"