ለእህታቸው የሚነግሯት

ከቦንጋ ወደ ቢታ ገነት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጠዋል። አይተዋወቁም።

«ልጄ፣ ካፊኖኖ ትችያለሽ?»

«አፌን የፈታሁበት ነው። እርስዎስ ጋሼ?»

«በልጅነቴ ዘመድ ወስዶ አዲስ አበባ አሳደገኝ፤ ጠፋብኝ። እህቴ ደግሞ አማርኛ አትሰማም።»

«ምን ሊሏት ነው?»

«ዕድሜ ልኬን ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ አስተማርኩ፣ ፕሮፌሰር ሆንኩ፣ ጡረታ ወጣሁ።»

«ፕሮፌሰር በእኛም ፕሮፌሰር ነው። ግን ይሄ ሁሉ ለምኗ ነው? ‹ትመለሳለህ ወይስ ትቆያለህ?› ነው የምትልዎት።»

«ሚስትም ልጅም የለኝም። ከፈቀደች እሷ ጋ ልኖር ነው የመጣሁት።»

«በቃ፣ እሱን ይበሏት።»

በካፊኖኖ ነገረቻቸው፤ ደገሙት።

«ውይ ጋሼ! ሌክቸር አስመሰሉት። ለእህትዎ እኮ ነው፤ ቀስ ይበሉ።»

እንደገና ደገሙት።

«አሁን ተሻለ።»

«‹ሂድ› የሚለውስ እንዴት ነው?»

«እሱ ምን ያደርግልዎታል?»

«ብትለኝ ሳይገባኝ ደጇ ላይ ቆሜ እንዳልቀር።»

«እሱንስ አላስተምርዎትም።»

መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩት።