በቆዳ የተለበጠው ደብተሬ

የደብተር ምርጫ ሰውን እንጀራ ሊያሳጣ ይችላል ብትሉኝ ኖሮ እስቅባችሁ ነበር። ሥራዬ ከገበሬዎች የቡና ናሙና ሰብስቤ ጅማ ላለው ቀማሻችን ማቅረብ ነው። ስልኬ ላይ እንዳልጽፍ ባትሪው ያልቅብኛል፤ ተራ ደብተር ደግሞ ዝናብ ያበሰብሰዋል። ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ኪስ የሚገባ፣ በቆዳ የተለበጠ ደብተር ገዛሁ። የቡ የምትባል ከተማ ላይ ዝናብ ሲይዘኝም እንዳይረጥብብኝ ከአንዱ ገበሬ ከአባ ፊጣ የናሙና ከረጢት ውስጥ ከተትኩት። አይ እኔ!

በማግስቱ ቀማሹ ጋሽ ነስሩ ጥሬውን ቡና ዘግነው አሸተቱና ፊታቸውን አኮማተሩ። «ባዕድ ሽታ አለው። ይሄ ቡና አያልፍም» አሉ። አባ ፊጣ ጆንያቸውን ደርድረው በር ላይ ተቀምጠዋል፤ የዓመት ልፋታቸው ነው። ውጤቱን ልጽፍ ደብተሬን ሳወጣ ጋሽ ነስሩ ከእጄ መንጭቀው አፍንጫቸው ላይ ለጠፉት።

«ሱብሃነላህ! ሽታው የዚህ ቆዳ ነው! የት ነበር ያስቀመጥሽው?»

ክው አልኩ። «ከ… ከረጢቱ ውስጥ» አልኩ። ደብተሬን ተቀብዬ እየሮጥኩ ወጥቼ ከጆንያው አዲስ ናሙና አመጣሁ። አሸተቱ፣ ቆሉ፣ ቀመሱ፤ ቡናው አለፈ።

አባ ፊጣ የተፈጠረውን አያውቁም። ያዩት እኔ ደብተሬን ይዤ ለሳቸው ስሮጥ ብቻ ነው። ከተቀመጡበት ተነስተው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፤ «ልጄ፣ አላህ ይጠብቅሽ። ያንን ደብተርሽንም ይጠብቅልሽ!»