ጌም ማሽንና የጊፋታው በሬ

ከቢጠና ወደ ሶዶ ስንሄድ፣ ታክሲው ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ባሏ ላይ ጮኸች።

«ለጊፋታ በዓል የምናርደውን በሬ ሸጠህ ጌም ማሽን ገዛህ፤ አሁን ደግሞ አረጀ ትለኛለህ?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ!»

«አዲሱ ጌም በእሱ አይሠራም። ደንበኞቼ አዲስ ማሽን ያለው ጌም ቤት ሄዱ።»

«ሠሪዎቹ አያፍሩም?»

«እነሱም ማሽኑ ላይ ብዙ አያተርፉም አሉ፤ የሚያተርፉት ጌሙ ላይ ነው።»

«እነሱ አያተርፉ፣ አንተ አታተርፍ፤ ታዲያ በሬዬን ማን በላው?»

«ላሟን ሸጠን አዲሱን ብንገዛ እኮ...»

«ወራጅ አለ!»

«ሶዶ ገና ነው፣ አንቺ!»

«ተመልሼ ላሟን እናቴ ቤት ላስራት ነው!»

እኔም እንድታልፍ ቶሎ ብዬ እግሬን ሰበሰብኩላት።