ሳይገጠም የቀረው ጥርስ

ባለቤቴ መሪጌታ ካረፉ ወር እንደሞላቸው ስልካቸው ጮኸ። ደብረ ታቦር ካለው የጥርስ ክሊኒክ ነው። «ጥርስዎ ከመጣ እኮ ቆየ፤ መቼ ነው የሚገጠምልዎ?» አለች ልጅቷ። ሞተዋል ማለት አቅቶኝ «እመጣለሁ» አልሁና ከል እንደ ለበስሁ ሄድሁ። ሐኪሙ ልብሴን ሲያይ ገባው። ነፍስ ይማር ብሎ ሦስቱን የተያያዙ ጥርሶች አሳየኝ። «በቀጠሯቸው ቀን ምነው ቀሩ፣ እናቴ?» አለኝ።

ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። የፊት ጥርሳቸው ከተነቀለ ወዲህ ዜማቸው እያፏጨ ተቸግረው ነበር፤ ቀጠሮው ግን ፍልሰታ ሊገባ ሲል ሆነ። «ደም ከፈሰሰዎ መቁረብ የለም፤ ጾሙ ይለፍ» አልኋቸው። «እንግዲያ መላእክቱ ፉጨት ይስሙ!» ብለው ስቀው ተውት። ጾሙ በተፈታ በሳምንቱ ዐረፉ።

ይህን ስነግረው ሐኪሙ «የምን ደም፣ እናቴ?» አለ። «ደሙ የነበረው ሲነቀል ነው፤ እሱማ ድሮ አለፈ። ይህ እንደ ቆብ ይጠለቃል፤ ጠብታም አይወጣው።» ወዲያው ባልተናገርሁ እንዳለ ሰው አቀረቀረ።

እኔ ያን የመጨረሻ ማኅሌታቸውን አሰብሁ። ከመሪነቱ ሸሽተው፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ከኋላ ቆመው ነበር። ከሴቶቹ በኩል ሆኜ ድምፃቸውን ከካህናቱ ድምፅ መካከል ስፈልግ አድሬ፣ ሳልሰማው ነጋ።