በአንድ መርፌ

የእናቴ አብሮ አደግ እትዬ አንጓች፣ ድካም አልለቅ ብሏቸው ደብረ ማርቆስ እኔ የምሠራበት ላብራቶሪ መጡ። ደማቸውን መመርመሪያው ላይ ጠብ አድርጌ ስጠብቅ፣ ሁለተኛው ቀይ መስመር እንደ ሕልም ቀስ እያለ ብቅ አለ፤ የጉበት ቫይረስ። ቀና ስል ነጠላቸው ሸርተት ብሎ የአንገታቸው ንቅሳት ታየኝ። ልጅ ሆኜ እናቴ አንገት ላይ በጣቴ እየተከተልኩት እንቅልፍ የሚወስደኝ እሱው ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ በደም ነው የሚተላለፈው። ማን ነቀሰዎት?»

«ኧረ ድሮ! ለጥምቀት እንመር ብለን፣ አንዲት ሴትዮ በአንድ መርፌ እናትሽን ወጋ፣ እኔን ወጋ እያደረገች ነቀሰችን። እኛማ እንስቃለን!»

ሳቃቸው ከሩቅ የተሰማኝ መሰለኝ። እናት በወሊድ ለልጇ ልታስተላልፈው እንደምትችል ለስንቷ ነፍሰ ጡር ነግሬያለሁ!

«ምን ሆንሽ፣ ልጄ?»

አዲስ መርፌ ከማሸጊያው አወጣሁና የራሴን እጅጌ ሰበሰብኩ።